የማርታ አምስተኛ ገቢር

ሚኒያፖሊስ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢያሱ ወንድሜ፣

ደህና ነህ? እኛ ደህና ነን። እናትህም ደህና ናት፤ ድምፅዋ ብቻ ትንሽ ዘግቷል። አንተው ባትጠይቀኝ ኖሮ እስኪከፈትላት ጠብቄ ነበር የምጽፍልህ።

አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው። አክስቴ፣ ያው እናትህ፣ ሴንት ፖል ውስጥ፣ በፈረንጅ አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ ዝም ባለበት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናግራለች። አእምሮዋን ግን ምንም አልነካትም። ማን እንደነገረህም አውቃለሁ። ሞሲሳ ያየውን ነገር ሆዱ ውስጥ ማሳደር አይችልም፤ ወንበር ሲጭን ጎበዝ ስለሆነ ነው የምታገሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሌክ ስትሪቱ ሱቅ ሌላ ለሠርግና ለልቅሶ ወንበር እንደማከራይ ታውቃለህ። ሴንት ፖል ውስጥ የጀርመን ዘር ያላቸው ሰዎች አንድ የድሮ አዳራሽ አላቸው። ኃላፊው ሚስተር ሎረንዝ የሚባል ረጅም ሽማግሌ ነው። ከመድረኩ ወለል ሥር መቶ ዓመት የሆነው ፊልም አግኝተን አስጠግነናል፣ ለሕዝብ ልናሳይ ነው፣ ወንበር አምጪልን አለኝ። እኔና ሞሲሳ ቫኑን ጫንን። አክስቴን ብቻዋን ቤት መተው ስለማልወድ ይዣት ሄድኩ። ፊልሙ እስኪያልቅና ወንበራችንን እስክንሰበስብ ከኋላ ቁጭ ብለን መጠበቅ ነበረብን።

የቀረውን ከማስታወሻዬ ልገልብጥልህ፤ በዕለቱ የጻፍኩት ይሻላል፦

«ፊልሙ ድምፅ የለውም። ከተውኔት የተወሰደ ነው፣ እንደ ተውኔቱም አምስት ገቢር አለው አለ ሎረንዝ። ማርታ የምትባል ሴት ወንዝ ዳር የእንግዳ ማረፊያ አላት። ባሏ ጀልባ ነጂ ነበር፤ ከብዙ ዓመት በፊት ወንዙ ወስዶት ቀርቷል። ኤልሳ የምትባል ታናሽ እህቷ አብራት ትኖራለች። አንድ ቀን ፊቱን ጺም የዋጠው እንግዳ በጀልባ መጥቶ ክፍል ተከራየ። ማርታ ‹ባሌ ይሆን?› ብላ መጠርጠር ጀመረች። ተዋናዮቹ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ከዚያ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጀርመንኛ ጽሑፍ ይወጣል፤ ሎረንዝ በእንግሊዝኛ ያነብልናል። ሁለተኛው ገቢር ላይ አክስቴ ቀና ብላ ተቀመጠች። ማርታ አፏን ስትከፍት አክስቴ በአማርኛ ‹እንግዳዬ፣ እራት አቀረብኩልህ እንጂ ስምህን አልጠየቅኩህም› አለች። ጽሑፉ ቀጥሎ ወጣ። ሎረንዝ ያነበበው ያንኑ ነው። አጋጣሚ ነው ብዬ አለፍኩት። ደገመችው። በሚቀጥለውም የማርታ ቃል ጽሑፉን ቀደመችው። ሦስተኛው ገቢር ሲያልቅ ማርታ ፋኖስ ይዛ የእንግዳውን ጀልባ ልትመረምር ወደ ወንዙ ልትወርድ ተነሳች። አክስቴም አብራት ከወንበሯ ተነሳች። ‹ኤልሳ፣ እስክመለስ በሩን እንዳትዘጊ!› አዳራሹ በሙሉ ዞረ።»

አራተኛው ገቢር ላይ ኤልሳና እንግዳው ብቻ ናቸው። አክስቴ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አራተኛው ሲያልቅ መብራት በራ። አምስተኛው እኛ ጋ የለም፣ ጠፍቷል አለ ሎረንዝ። ሰው ካፖርቱን መልበስ ጀመረ። አክስቴ ግን ከወንበሩ አልነሳም አለች።

«እማማ፣ ይነሱ እንጂ፣ የኪራይ ዕቃ ነው» ይላታል ሞሲሳ።

«መጨረሻውን አምጣና ውሰደው!»

ቫን ውስጥ ከገባን በኋላ «ይኼን ፊልም የት አየሽው?» አልኳት። «አላየሁትም። ማርታን የተጫወትኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። ከደርግ በፊት፣ አዲስ አበባ፣ ቴአትር ቤት። ይኼን ሁሉ ዓመት አንድ ቤት ስንኖር ተዋናይ እንደነበረች አላወቅኩም። አንተ ታውቅ ነበር?

ስለዚህ ነገር ስልክ አትደውል። ጆሮዋ እንደ ድሮው ነው፤ ከክፍሏ ሆና ሁለታችንንም ትሰማናለች። በጽሑፍ እንነጋገር።

ምንዳዬ

* * *

ብሬመን፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ምንዳዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። የሥራ ባልደረባዬ ስለታመመ የሱንም ትራም ስነዳ ሰነበትኩ።

አላውቅም ነበር። እማዬን የማውቃት ከልብስ ስፌት መኪናዋ ጋር ነው። ስለ ቴአትር አንድም ቀን አንስታልኝ አታውቅም። ግን ደብዳቤሽን ሳነብ ከትራሙ ማቆሚያ መነሳት አቃተኝ። ያቺን ሴት አውቃታለሁ። ፋኖስ ይዛ ወደ ወንዝ የወረደችውን።

ልጅ ሆኜ ከመተኛቴ በፊት የምትነግረኝ ተረት ነበር። ሴትዮዋ እህቷን በሩን እንዳትዘጊ ትላትና ትወርዳለች። እስከዚያ ድረስ ሁልጊዜ አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን በየቀኑ ይለያያል። አንድ ቀን ባሏን ታገኘዋለች። አንድ ቀን ጀልባው ባዶ ይሆናል። አንድ ቀን አዞ ይመጣል፤ አዞውን በጣም እወደው ነበር። «ትናንት እኮ ሌላ ነበር» ስላት «ዛሬ የደረስኩበት ይኼ ነው» ትለኛለች። የምትቀልድብኝ ይመስለኝ ነበር።

አሁን የምጠይቅሽ፣ ዋናዋን ሰው የተጫወተች ተዋናይ የተውኔቱን መጨረሻ እንዴት አታውቅም? ለምንስ አሁን እንዲህ አጣደፋት? ስለ ዓይኗም ጠይቄሽ ነበር፤ ዘለልሽው። አውቀሽ እንደዘለልሽው ይገባኛል።

ኢያሱ

* * *

ሚኒያፖሊስ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢያሱ፣

አውቄ ነው የዘለልኩት። ርቀህ ሆነህ እንዳትጨነቅ ብዬ ነበር፤ ከጠየቅክ ግን አልዋሽህም።

ግላኮማ ነው። ግራ ዓይኗ ማየት ካቆመ ቆየ። ቀኙ ከዳር ከዳር እየጨለመ ነው፤ አሁን የምታየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። ብሉሚንግተን ያለው ሐኪሟ ጠብታውን ጨምሮላታል። ከፋሲካ በኋላ የሰው ፊት መለየቷን እንደሚጠራጠር ነግሮኛል። ለእሷም ነግሯታል። «እሺ ዶክተር» ብላው ወጣች። ማልቀስ የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ መኪናውን የት እንዳቆምኩት ጠየቀችኝ።

ያጣደፋት ይኼ ነው። ድምፅ የሌለው ፊልም በጆሮ አይታይም።

ለሌላው ጥያቄህ ራሷን ጠየቅኳት። ሱቅ ውስጥ ነጠላ እያጠፈች ነበር።

«ዋናዋ አንቺ አልነበርሽም?»

«እኔ ነኝ እንጂ! ማን ሊሆን ኖሯል?»

«ታዲያ መጨረሻውን እንዴት አታውቂውም?»

«ሰውዬው አይሰጠንማ። አዘጋጁ። ለእያንዳንዳችን የየራሳችንን ቃል ብቻ ነበር በወረቀት የሚሰጠን። የሌላውን ሰው ቃል የምትሰሚው ልምምድ ላይ ነው።»

«ወረቀት አጥሮት ነው?»

«አንቺ ደግሞ ሁሉንም ነገር ዕቃ ታደርጊዋለሽ። ተዋናይ መጨረሻውን ካወቀ ከመጀመሪያው ያለቅሳል ይል ነበር።»

እሷ እስከ ሦስተኛው ገቢር ያለውን ወረቀቷን ተቀብላ አጠናች። ለአራተኛውና ለአምስተኛው ልምምድ የሚጠሩት ኤልሳን የምትጫወተው ፋናና እንግዳውን የሚጫወተው ሰውዬ ብቻ ነበሩ። የኔ ወረቀት መቼ ይመጣል እያለች ስትጠብቅ አብዮቱ ፈነዳ፤ ተውኔቱ ሳይታይ ተዘጋ። አዘጋጁ አገር ለቆ ሄዶ በዚያው ሞተ። ትርጉሙ አልታተመም፤ ርዕሱንም ለውጠውት ስለነበር ከየት እንደመጣ የምታውቀው ነገር የለም። ፋናን ከዚያ በኋላ አላየቻትም። የመጨረሻውን ወረቀቴን ደብቀውኛል ብላ ነው እስከ ዛሬ የምታምነው።

«ለምን ይደብቁሻል?» አልኳት።

«ከሁሉም የሚበልጠው ትዕይንት ስለሆነ ነዋ! ማርታ ስትመለስ።»

ሎረንዝን ልጠይቅልሽ፣ መጨረሻውን ያውቅ ይሆናል አልኳት። ነጠላውን ወረወረችብኝ። እንዲነገራት አትፈልግም። «ስትመለስ ፊቷ ምን እንደሚመስል ነው ማየት የምፈልገው» አለች።

እንግዲህ እሷ እዚህ፣ ፊልሙ የጀርመን፣ አንተ ጀርመን አገር። ያ አምስተኛ ገቢር ካለ ያለው እዚያ ነው። የፊልሙን የጀርመንኛ ስም ፎቶ አንስቼ ልኬልሃለሁ። ፈልገው።

ምንዳዬ

* * *

ብሬመን፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ፣

አዎ፣ ተገኝቷል። የጠየቅሽኝን በቅደም ተከተል ልመልስ።

የድሮ ፊልሞች የሚቀመጡበት መዝገብ ቤት በባቡር ሄድኩ። ያነጋገረችኝ ሴትዮ መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ሰው መሰልኳት። ትራም ነጂ ነኝ፣ እናቴ ማርታን የተጫወተችው በአማርኛ ነው ስላት መነጽሯን አወለቀች። «በአማርኛ?» «አዎ።» «ከመቼ ጀምሮ?» አልተጣደፈችብኝም፤ ሻይ አመጣችልኝ።

እነሱ ጋ ያለው አምስተኛው ገቢር ብቻ ነው። ሌላው በጦርነቱ ተቃጥሏል። ሴንት ፖል ውስጥ አራቱ ገቢሮች መኖራቸውን ጭራሽ አያውቁም ነበር። ስነግራት ወጥታ ሁለት ሰዎች ጠርታ መጣች።

ግን ቅጂ ለግለሰብ አይሰጡም። የሎረንዝ ማኅበር በይፋ መጠየቅና በምትኩ አራቱን ገቢሮች ማስገልበጥ አለበት። ሎረንዝ ደግሞ የራሱን አራት ገቢሮች ለማንም አላስገለብጥም እንዳለ ጽፈሽልኛል። እንግዲህ ይኼን የምትፈቺው አንቺ ነሽ፤ እኔ የገበያ ሰው አይደለሁም።

ሌላም ነገር አለ። ተውኔቱ መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል። ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። እስካሁን አልከፈትኩትም። የልጅነቴ ተረት ነው፤ እጄን እየበላኝ ነው። ልክፈተው?

ኢያሱ

* * *

ሚኒያፖሊስ፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢያሱ፣

ሎረንዝ ተስማምቷል። እንዴት ብለህ ስለጠየቅክ ልንገርህ፤ ብዙም ጥበብ አልጠየቀም።

ሁለቱም ወገን ግማሽ ዕቃ ይዘው እንደ ሙሉ የሚኮሩ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ገበያተኛ በየቀኑ አያለሁ። ለኤደን ፕሬሪ ሠርግ ወንበር ስጭን መንገዴን ወደ ሴንት ፖል አዞርኩና አዳራሹ ገባሁ።

«ፊልማችን ከዚህ አይወጣም» አለኝ። «አያቶቻችን ናቸው ያመጡት።»

«አይውጣ። እዚሁ ይገልብጡት። ግን ሚስተር ሎረንዝ፣ ያንተ ፊልም መጨረሻ የለውም፤ የነሱ መጀመሪያ የለውም። ከሁለታችሁ ማን ነው ፊልም ያለው?»

 የተቀመጠበትን ወንበር ተመለከተ፤ እሱም ከኔ የተከራየው ነው።

«ያቺ የተናገረችው አክስትሽ ናት?» አለኝ በመጨረሻ። «አምስተኛው ሲመጣ እሷም ትመጣለች?»

«እሷ ካልመጣችማ ለማን ብዬ ነው የምለፋው?»

በማግሥቱ ደብዳቤውን ጽፎ ላከላቸው። የማስገልበጡን ወጪ መዝገብ ቤቱ ይችላል፤ እነሱ አራቱን ያገኛሉ፣ እሱ አምስተኛውን። አንዳቸውም የተሸነፉ አልመሰላቸውም።

አሁን ስለ መጽሐፉ። አክስቴን ጠየቅኳት። አንተ ሩቅ ስለሆንክ ብታነበው ግድ የላትም። እኔ ግን እንዳላውቅ ከለከለችኝ። «ካወቅሽ ፊትሽ ላይ አነበዋለሁ» አለች፣ በዚያች በአንድ ዓይኗ። ስለዚህ አንብበው። መዝገብ ቤቱ ሄደህም አምስተኛውን እየው። መጨረሻውን አትጻፍልኝ። ዕቃ ሳላይ የመግዛት ልማድ ስለሌለኝ ግን አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፦ ላሳያት ወይስ አላሳያት?

እውነቱን ለመናገር እኔንም ነገሩ ይዞኛል። ትናንት ለአንዲት ደንበኛ ጨርቅ እየለካሁ «ጺማሙ ሰውዬ ግን ምን ፈልጎ ነው የመጣው?» ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅኩ። ሴትየዋ ጨርቁን ትታ ልትወጣ ነበር።

ምንዳዬ

* * *

ብሬመን፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ምንዳዬ፣

መጽሐፉን ጨረስኩት። ፊልሙንም አየሁ። ሁለቱ አንድ ናቸው።

አታሳያት።

ምክንያቱን አልጽፍም፤ አንቺው ነሽ አትጻፍ ያልሽኝ። ቅጂው ዘግይቷል በያት። ሎረንዝንም ለምኚው። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ዛሬ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ኢያሱ

* * *

ሚኒያፖሊስ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢያሱ፣

መጨረሻውን የነገርከኝ ደብዳቤህ ደርሶኛል። ምክንያቱን ካልነገርከኝ አልሰማህም ብዬ ያስጨነቅኩህ እኔ ስለሆንኩ አልቆጣህም። አሁን እኔም አውቄያለሁ።

ማርታ የለችም። አምስተኛው ገቢር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳን ብቅ አትልም። ኤልሳ የተከፈተ በር አጠገብ ተቀምጣ ትጠብቃለች፣ በረዶው ይገባል፣ ጺማሙ ሰውዬ በጀልባው ይሄዳል፣ ማርታ ግን አትመለስም፤ ምን እንዳገኛትም ማንም አይናገርም። በመጽሐፉም የመጨረሻ ቃሏ ያ የበሩ ነው። ማንም ወረቀት አልደበቃትም። የሚሰጣት ወረቀት አልነበረም።

ከሁሉም የሚበልጠው የኔ ትዕይንት ነው እያለች ይኼን ሁሉ ዘመን ኖራለች። ሚናዋ ያን ጊዜም አልቆ እንደነበር በየትኛው አፌ እነግራታለሁ ብዬ ሰነበትኩ። የአንተም ፍርሃት ይኼው ነው፤ ገብቶኛል።

ፊቴን ስሸሽባት ከረምኩ። ሱቅ ውስጥ ስታናግረኝ የጨርቅ መደርደሪያውን እያየሁ እመልስላታለሁ። ማዕድ ስንቀርብ ከግራዋ እቀመጣለሁ። ሞሲሳ እንኳን ነቅቶብኝ «ከእማማ ተጣልታችኋል እንዴ?» አለኝ። እሷ ደግሞ ከትናንት ወዲያ ነጠላዋን እያስተካከለች እንዲህ አለች፦

«ኢያሱ አይቶታል አይደል?»

«ምኑን?»

«ልጄን አውቀዋለሁ። በየእሑዱ ሲደውል ስለ አየር ጸባይ ብቻ ያወራል።»

አይቶ ይሆናል አልኳት። ከዚያ ምንም አልጠየቀችኝም። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ልክ እንደ ፊልሙ ዕለት ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ነው የዋለችው።

የምትለውን መንገድ አስቤበታለሁ። ቅጂው ዘግይቷል ማለት ይቻላል። ፋሲካ እስኪያልፍ መጎተት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ዓይኗ ራሱ ይዘጋውና እኛ ዋሸን አንባልም።  ግን እኔ ሰው የጠየቀኝ ዕቃ መጋዘን ውስጥ እያለ የለም ብዬ አላውቅም። አዘጋጁ አልሰጠኝም ስትል ኖራለች፤ እሱ አልበደላትም። አሁን ብንደብቃት በእውነት የነፈግናት እኛ እንሆናለን።

ቅጂው ሎረንዝ ጋ ደርሷል። ቀን እንድንቆርጥ እየጠየቀኝ ነው። ያለ አንተ ፈቃድ አላደርገውም፤ እናትህ ናት። ግን መልስህ እምቢ ከሆነ ለእሷ የምትነግራት አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ምንዳዬ

* * *

ብሬመን፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ምንዳዬ፣

አሳያት።

መምጣት እችል እንደሆነ ጠይቀሽኛል። እረፍት ከለከሉኝ፤ ከፋሲካ በፊት አልችልም። ስለዚህ እኔ ብሆን የማደርገውን አንቺ አድርጊልኝ። በሚያየው ዓይኗ በኩል ተቀመጪ። ካለቀሰች ዝም በያት። ከተቆጣችም ዝም በያት፤ ቁጣዋ ረጅም አይደለም።

አንድ ነገር ልንገርሽና ልጨርስ። ከሴንት ፖል የሄደው ቅጂ መዝገብ ቤቱ ስለደረሰ ሦስተኛውን ገቢር አሳዩኝ። ማርታ ፋኖሱን አንስታ ስትወጣ አየሁ። የእማዬ ተረት እንዲህ ይመስል እንደነበር አላውቅም ነበር። ያየሁትን ሁሉ አስታውሼ ለእሷ ልነግራት ፈለግኩ፤ ከዚያ ይኼን ትዕይንት መጀመሪያ የነገረችኝ እሷ መሆኗ ትዝ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

ኢያሱ

* * *

ሚኒያፖሊስ፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢያሱ ወንድሜ፣

እናትህ ደህና ናት። አሁን እንደፈለግክ መደወል ትችላለህ፤ የሚደበቅ ነገር የለም። እሷ ግን የምትነግርህ የራሷን ብቻ ስለሆነ እኔ ያየሁትን እዚህ ላስቀምጥልህ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው ያደረግነው። አየሩ በጣም በርዶ ስለነበር ወንዙን በድልድዩ ስንሻገር ጭስ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። አዳራሹ ውስጥ እሷ፣ እኔ፣ ሞሲሳና ሎረንዝ ብቻ ነበርን። ሎረንዝ ክራቫት አስሮ ጠበቀን። ማኅበሩን ሳልጠራ ቀድማ እንድታየው ነው የፈለግኩት አለ። እሷን ከፊት አስቀመጥናት። እኔ እንዳልከኝ በቀኟ ተቀመጥኩ።

ሦስቱን ገቢር አንድ ቃል ሳትስት ተናገረች። ድምፅዋ ጠንካራ ነበር። ሎረንዝ እንግሊዝኛውን ማንበብ ትቶ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣት ጀመር፤ አማርኛ አንዲት ፊደል እንደማያውቅ ታውቃለህ። ሞሲሳ በየመሀሉ «እማማ፣ ሰውዬው ውሸታም ነው፣ አይመኑት!» ይላታል። አራተኛው ላይ ዝም አለች። አምስተኛው ሲጀምር እጄን ያዘችኝ።

በሩ ላይ ጥላ በወደቀ ቁጥር «መጣች?» ትለኛለች። መጀመሪያ የመጣው ፖስተኛ ነበር። ቀጥሎ ውሻ። «መጣች?» አለች።  ከዚያ መጠየቋን ተወች። እጄን ግን አልለቀቀችም። ኤልሳ ብቻዋን በሩ አጠገብ ተቀምጣ በረዶው ጉልበቷ ላይ ሲወድቅ ፊልሙ አለቀ። ሎረንዝ መብራቱን ለማብራት አልተጣደፈም።

ሲበራ ፊቷን ለማየት ፈራሁ። ከዚያ አየሁት። አታለቅስም። በጣም ተቆጥታ ነበር።

«መጨረሻውን ለኤልሳ ሰጧት!»

«አዎ።»

«ለዚያች ለፋና! መስመር መያዝ ለማትችለው! የእንጨት ወንበር ብታስቀምጪበት ከሷ ይሻላል!»

«እንግዲህ ምን ታደርጊዋለሽ» አልኳት።

«አምስት ወር ሙሉ ሰውዬውን ‹ወረቀቴስ?› እያልኩ ስጨቀጭቀው ምን ይለኝ እንደነበር ታውቂያለሽ? ‹ማርታ ምን ታውቃለች?› ይለኛል። በቃ። ሌላ ነገር አይናገርም። አፊዞብኝ ነው ብዬ ስሰድበው ነው የኖርኩት።»

«ለካ መልሱን እየሰጠኝ ነበር!» አለች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥሎ ትከሻዋ ሁሉ እስኪነቃነቅ። ሞሲሳም ምን እንደሆነ ሳይገባው አብሯት ሳቀ። ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና ሎረንዝን በጣቷ ጠራችው።

«ሦስተኛውን መልሰው በይው። መውጫዬን።»

ሎረንዝ መለሰው። ከወንበሯ ተነስታ ወደ ሸራው ቀረበች፤ የሚያየው ዓይኗ ከሸራው አንድ ክንድ ያህል ነበር የሚርቀው። ጥላዋ የማርታን ቀሚስ ሸፈነው። ማርታ ፋኖሱን አነሳች፣ ክሩን ከፍ አደረገች፣ ለኤልሳ ያን የበሩን ቃል ተናገረችና ወጣች። አክስቴ እንደገና አስመለሰችው። ደግሞም አስመለሰችው።

«አየሽ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አትዞርም። ስትናገር ኤልሳን አታያትም። ፋኖሱን ነው የምታየው። እኔ እኮ ዞሬ፣ እጄን ዘርግቼ ነበር የምለው። የምመለስ መስሎኝ።»

ሎረንዝን ማሽኑን እንዲያጠፋ ነገረችው። ሸራው ነጭ ሆነ። ፋኖስ እንደያዘ ሰው ቀኝ እጇን ከፍ አደረገችና ትንሽ ቆየች። እኛ ሦስታችንም ከኋላዋ ነበርን። ያን ቃል ሳትጮህ፣ ሳትዞር፣ እጇ ላይ ያለውን እያየች አለችው። እስከዛሬ ብዙ ጊዜ ስትለው ሰምቻታለሁ። እንዲህ ስትለው ግን ሰምቼ አላውቅም። ስለ ቴአትር የማውቀው ነገር የለም፤ ክንዴ ላይ ያለው ጸጉር ሁሉ ቆመ።

ከዚያ መሄድ ጀመረች። ካፖርቷን እንኳን አላነሳችም። ሞሲሳ የታጠፈ ወንበር በሁለት እጁ እንደያዘ «እማማ፣ ወዴት ነው? በረዶ ነው እኮ!» አላት። አልዞረችም። በሩን ከፍታ ወጣች። በመስኮት በኩል ቀስ ብላ፣ በአንድ እጇ ግድግዳውን እየዳሰሰች፣ ሌላውን ከፍ አድርጋ ወደ ቫኑ ስትሄድ አየናት።

ካፖርቷን ይዤ መሮጥ ነበረብኝ፤ ትንሽ ቆይቼም ሮጬ ወስጄላታለሁ። ግን ለአፍታ ሁላችንም ባለንበት ቀረን። ብርዱ ወለሉን ይዞ እስከ እግራችን ደረሰ። ለማሞቂያው ወጪ የሚሳሳው ሎረንዝ እንኳን በሩን ሊዘጋ አልተነሳም።

ምንዳዬ